ኮንዶምን እንደ ማንኛውም ዕቃ ዓይተን እንግዛው

ቡና የሚነግድ ሰው ፍሬውን ዘግኖ ያያል፣ ያሸታል፣ በጥርሱ ነክሶ ድርቀቱን ይለካል። ከኢስሊ ጨርቅ የሚያመጣ ሰው ጣቃውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። የዱቄት ወተት የሚያስገባ ሰው ካርቶኑን ገልብጦ ቀኑን ሳያነብ ብር አይቆጥርም። በድንበር ንግድ የቆየ ሰው ሳያይ አይገዛም። አንድ ዕቃ ላይ ሲደርስ ግን ይኸው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ያለው ደንበኛ እስኪወጣ በር ላይ ይቆማል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፣ የሰጡትን ይቀበላል፣ መልሱን ሳይቆጥር ኪሱ ከትቶ ይወጣል። ዕቃው ኮንዶም ነው።

“ኮንዶም አያስተማምንም፣ ይቀደዳል” የሚለውን ወሬ በየመስመሩ እንሰማለን። እኛ ግን ከዕቃው ይልቅ እፍረቱን እንከሳለን። የሚያፍር ሰው አይመርጥም፣ አይጠይቅም፣ ቀን አያነብም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የገዛውን ይደብቃል። ኮንዶም የሚደበቅባቸው ቦታዎች በሙሉ፣ ሆን ተብሎ የተመረጡ ይመስል፣ ኮንዶም የሚበላሽባቸው ቦታዎች ናቸው።

እስቲ እንያቸው። ሹፌሩ ዳሽቦርድ ውስጥ ወይም ከመስታወቱ በላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ይሸጉጠዋል። ነጋዴው የኪስ ቦርሳው ውስጥ ከመታወቂያውና ከትርፍ ሲም ካርዱ ጋር አጣብቆ ወር ሙሉ ይቀመጥበታል። ባለትዳሩ ቤት ማስገባት ስለሚፈራ መኪናው ውስጥ ያከርመዋል። አብዛኛው ኮንዶም የሚሠራው ከላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ ዛፍ ከሚቀዳ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ላቴክስን ሙቀት፣ ፀሐይ፣ እርጥበትና መታሸት ያደክሙታል። ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ለረጅም ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ ከከረመ ግን በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ዋጋ የለውም።

የጅቡቲን መስመር የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል። አዋሽን አልፎ ወደ ሚሌ፣ ሎግያና ጋላፊ የሚወርድ መኪና፣ ከዚያም ወደብ ለመግባት ፒኬ 12 ተራ የሚጠብቅ መኪና፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ነው የሚቆመው። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ እጅ አያስነካም። በጎማ ላይ የሚኖር ሹፌር ፀሐይ ጎማን ምን እንደምታደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። ነገሩን እንዳናጋንነው ግን አንድ ነገር እንጨምር፤ ማሸጊያው ያልተነካ ጥሩ ኮንዶም አንድ ቀን ስለሞቀ ወዲያው አይበላሽም። የሚያበላሸው በየቀኑ፣ ለሳምንታትና ለወራት መሞቁ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጉዞ የሚበቃውን ያህል መያዝ፣ ከመኝታው ሥር ጥላ ባለበት ልብስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ እንዳይታሽም የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ መክተት በቂ ነው። ሳሙናውን አውጥታችሁ ማለታችን ነው። ከቆላ ስትመለሱ የተረፈውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ። ዋጋው ከአንድ ሻይ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ ይኼኛው ወጥመድ በተለይ የእኛ ነውና። በማሸጊያው ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ነው። እኛ ደግሞ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ወደኋላ እንቆጥራለን። ማብቂያው 06/2023 የሚል ፓኬት ያገላበጠ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር 2016 የሚል ከሆነ፣ “ገና ሰባት ዓመት አለው” ብሎ ኪሱ ይከተዋል። ፓኬቱ ግን ሰኔ 2015 ላይ አብቅቶለታል። የወሩ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 01 ማለት መስከረም ሳይሆን የእነሱ ጃንዋሪ፣ የእኛ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ነው። ለመድኃኒትና ለታሸገ ምግብም ያው ነው፣ ግን የምግቡን ብዙ ሰው ለምዶታል። ሁለት ቀን ተጽፎ ካገኛችሁ ደግሞ አንዱ የተመረተበት፣ ሌላው የሚያበቃበት ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ የኋለኛው ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ሆኖ ካልገባችሁ ባለፋርማሲውን ጠይቁ። የሚያስቅ ነገር የለውም።

ከቀኑ አጠገብ የምርት ቁጥር አለ። ነጋዴ ሆኖ ይህን ቁጥር የሚንቅ ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ዩጋንዳ ውስጥ የሆነውን ያስታውስ። ማሪ ስቶፕስ ዩጋንዳ ያከፋፍለው የነበረው ላይፍ ጋርድ የተባለ ኮንዶም በአገሪቱ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሲመረመር የተወሰኑ ምርቶቹ ቀዳዳ ተገኘባቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ኮንዶም ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ዕቃው የታወቀ ነበር፣ አስመጪውም የታወቀ ነበር። የተበላሸውን ከደህናው መለየት የተቻለው በምርት ቁጥሩ ነው። እንግዲህ ቁጥር የሌለው፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ኬላ ያለፈ ካርቶን አንድ ነገር ቢገኝበት ማን ይሰበስበዋል? በኮንትሮባንድ ጫማ ብንገዛ የሚጎዳው እግራችን ነው። ይኼ ግን እንደ ሕክምና ዕቃ የሚታይ ስለሆነ በኢትዮጵያም በኬንያም በዩጋንዳም የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አለው። በመደበኛ ፋርማሲ ወይም በሚታወቅ ሱቅ የሚሸጠውን፣ ሕይወት ትረስትን ወይም ሴንሴሽንን የመሰለ ስሙ የቆየውን መግዛት ይሻላል። ሞያሌን ተሻግራችሁም ትረስት የሚባለው አለ።

ዓይተው የሚገዙ እጆች አንድ ተጨማሪ ሥራ አላቸው። ፓኬቱን በሁለት ጣት ጫን አድርጉት። ውስጡ አየር ስላለ እንደ ትንሽ ትራስ ገፋ ማድረግ አለበት። አየሩ ከሸሸና ከተነፈሰ ማሸጊያው ተቀድዷል ማለት ነው፤ ለባለሱቁ መልሱለት። ከፈታችሁ በኋላ ደግሞ የደረቀ፣ የተጣበቀ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ሆኖ ካገኛችሁት አትጠቀሙበት።

ስለ መጠን የሚናገር ሰው ብዙ የለም። ወንዶች ሱቅ በር ላይ ቆመው ስለ መጠን ማውራት አይወዱም፣ ቢያወሩም ሁሉም ትልቁን ነው የሚሉት። ጨዋታውን ትተን ቁጥሩን እንናገር። ጠፍጣፋ ሆኖ ሲለካ የተለመደው ስፋት 53 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠበብ ያለው 49፣ ሰፋ ያለው 56 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ላይ ይገኛል። የጠበበ ኮንዶም ይወጠርና የመቀደድ ዕድሉ ይጨምራል፣ የሰፋ ደግሞ ይንሸራተትና ውስጥ ይቀራል። የተለመደው ሁልጊዜ የሚያጣብቃችሁ ወይም የሚወልቅባችሁ ከሆነ ኮንዶምን ከመተው ቁጥሩን መቀየር ነው። ቀጭን የሚባሉትም ደረጃውን ያሟሉ እስከሆኑ ድረስ ከወፍራሙ በላይ ይቀደዳሉ ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ስለ ጣዕሙ ብዙ አንጨነቅም። ዲኬቲ ኢትዮጵያ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የቡና ጣዕም ያለው ኮንዶም ገበያ ላይ ማውጣቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ሰው ሳይሳቀቅ ስለ ኮንዶም እንዲያወራ ካደረገ ለእኛ ትርፍ ነው። ስፐርም ይገድላል የተባለ ኬሚካል፣ ኖኖክሲኖል 9 የሚባለው፣ የተቀባበት ካገኛችሁ ግን ተዉት። ሲደጋገም የብልትን ቆዳ ስለሚያቆስል ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል። ላቴክስ የሚያሳክከው ወይም የሚያሳብጠው ሰው ደግሞ ከላቴክስ ውጭ የተሠራ እንዳለ ፋርማሲ ውስጥ መጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ረገጥ አድርገን እንቆማለን። ቅባት። ድርቀት ሲኖር ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ ሎሽን፣ የሕፃን ዘይት፣ አንዳንዴም ቅቤ ይቀባል። ዘይትነት ያለው ነገር ሁሉ ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል። ዓይን አያየውም፤ ኮንዶሙ ደህና ይመስላል፣ ግን ኃይሉ ሄዷል። “ኮንዶም ተጠቀምኩ፣ ተቀደደብኝ” የሚል ሰው ስታገኙ መጀመሪያ ምን ቀብተህ ነበር ብላችሁ ጠይቁት። ማለስለሻ ካስፈለገ ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ አለ። እሱ በሌለበት የአልጋ ቤቱን ሳሙናም ሆነ ቅባት ከመጠቀም ምንም አለመቀባት ይሻላል።

አጠቃቀሙን ብዙ ሰው አውቀዋለሁ ብሎ ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሮች ግን ሌላ ይናገራሉ። በትክክልና ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት የወንድ ኮንዶም እርግዝናን የመከላከል አቅሙ 98 ከመቶ ነው፤ ሰዎች በተለምዶ በሚጠቀሙበት አኳኋን ግን 87 ከመቶ ነው። ከመቶ ሴቶች በዓመት ሁለት ከማርገዝ ይልቅ 13 ያረግዛሉ ማለት ነው። ፋብሪካው ያው፣ ኮንዶሙ ያው፤ ልዩነቱ የእጃችን ነው። ስለዚህ ሳናፍር እንናገረው። ፓኬቱን በጥርስ ወይም በምላጭ ሳይሆን በእጅ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ መቅደድ። ብልቱ ከቆመ በኋላና ከማንኛውም ንክኪ በፊት ማድረግ፤ “መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ” የሚለው አይሠራም፣ አስቀድሞ የሚወጣው ፈሳሽም ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ጥቅልሉ በውጭ በኩል መሆኑን አይቶ፣ ጫፉን በሁለት ጣት ቆንጥጦ አየሩን አስወጥቶ፣ እስከ ሥሩ መዘርጋት። በተቃራኒው አድርጋችሁት አልዘረጋ ካለ ገልብጣችሁ አትድገሙት፤ ነክቷልና ጥላችሁ ሌላ ፍቱ። የዘር ፈሳሽ ከወጣ በኋላ ብልቱ ሳይለሰልስ፣ ሥሩ ላይ ኮንዶሙን ይዞ መውጣት። ብዙ የሚንሸራተተው እዚህ ላይ ተኝቶ በመቆየት ነው። ሁለት ደራርቦ ማድረግ ጥንቃቄ አይደለም፤ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። አጥቦ መድገም ደግሞ ከናካቴው አይታሰብም። ሲያበቃ በወረቀት ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጣለው። የአልጋ ቤት ሽንት ቤት ውስጥ የሚጥሉትን የጽዳት ሠራተኞቹ ይረግሟቸዋል፣ እውነትም አላቸው።

ኮንዶም የማይሸፍነው ነገር እንዳለም እንወቅ። ኤች አይ ቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል። ቂጥኝ፣ ሄርፒስና የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ግን ኮንዶሙ ካልሸፈነው ቆዳም ሊተላለፉ ስለሚችሉ፣ ይቀንሳቸዋል እንጂ ጨርሶ አይዘጋቸውም። ቁስል ወይም እብጠት ያየ ሰው ኮንዶም አለኝ ብሎ መቀጠል የለበትም። ሁለታችሁም ታከሙ።

ለምን ይህን ያህል አጥብቀን እንናገራለን? ኤች አይ ቪ ያለፈ ታሪክ መስሎ የሚታያቸው ወጣት ረዳቶችና አዳዲስ ነጋዴዎች በየመንገዱ ስላሉ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ቫይረሱ ያለባቸው በገጠር 0.4 ከመቶ ሲሆኑ በከተማ 2.9 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ኬንያ ውስጥ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት 4.9 ከመቶ ብሏል። የእኛ ሥራ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአገር ወደ አገር ነው። ድሮ በየጤና ጣቢያውና በየአልጋ ቤቱ በነፃ ይታደል የነበረው ኮንዶም ላይም መተማመን አይቻልም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በብዛት ከቀነሰ ወዲህ በእርዳታ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደ ቀድሞው አይደለም። በነፃ ካገኛችሁ ውሰዱ፤ ነፃ መሆኑ ጥራቱን አይቀንሰውም። ካላገኛችሁ ግን በጀት ያዙለት፤ ለመንገድ ውኃና ለአየር ሰዓት እንደምትይዙት።

የእህቶቻችን ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቦርሳዋ ውስጥ ኮንዶም የተገኘባት ሴት ነጋዴ ኬላ ላይ የሚደርስባትን ሳቅና አሽሙር የሰማ ያውቀዋል። ወንዱ ሲይዘው ጥንቁቅ ይባላል፣ እሷ ስትይዘው ስም ይወጣላታል። ውጤቱ ሴቷ ሳትይዝ እንድትሄድና ውሳኔው በወንዱ ኪስ ውስጥ እንዲቀር ነው፤ ያ ኪስ ምን ያህል የሚሞቅ እንደሆነ ደግሞ አይተናል። እኛ የምንለው ሴት ነጋዴ የራሷን መርጣ፣ ቀኑን አንብባ፣ የራሷን ቦርሳ ውስጥ ትያዝ ነው። ፈታሹ ይሳቅ። ከተገኘም የሴት ኮንዶም አለ፤ ከግንኙነቱ ሰዓታት አስቀድማ ልታስገባው ትችላለች፣ አብዛኛው ከናይትሪል ስለሚሠራ ቅባት አያበላሸውም። በትክክል ሲሠራበት 95 ከመቶ እርግዝና ይከላከላል፣ በተለመደው አጠቃቀም 79። ትንሽ መለማመድ ይፈልጋል፣ በየሱቁም አይገኝም፤ ግን የእሷን እጅ የሚጠብቅ ስለሆነ የወንዱን ፈቃድ ከመለመን ይሻላል። ከወንድ ኮንዶም ጋር ደርቦ መጠቀም ግን አይቻልም፣ ይፋተጋሉ። “ያለ ኮንዶም ከሆነ ጨምሬ እከፍላለሁ” ወይም “ዕቃሽን በነፃ እጭንልሻለሁ” የሚል ሰው ደግሞ ያንኑ ለስንቷ እንዳለ መጠየቅ ነው።

ቤትስ? ብዙ ሚስቶች የባላቸው ሻንጣ ውስጥ ኮንዶም ካገኙ ትዳሩ እንዳለቀ ይቆጥሩታል። ብዙ ባሎችም ሚስታቸው “ኮንዶም እንጠቀም” ካለች ተጠረጠርኩ ወይም ተከዳሁ ይላሉ። ሁለቱንም እንረዳለን። ታማኝነትን የሚያስተምሩ የሃይማኖት አባቶቻችንንም ልንቃወም አልተነሳንም፤ አንድ ለአንድ ተወስነው፣ ሁለቱም ተመርምረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ከበሽታ ለመጠበቅ ኮንዶም አያስፈልጋቸውም። ግን ኮንዶምን የክህደት ማስረጃ አድርጎ ማየት ታማኝ አያደርግም፤ የሚያደርገው የሚከዳውን ሰው ያለ ኮንዶም እንዲከዳ ነው። ሦስት ወር መንገድ ላይ ቆይቶ የሚመጣ ሰው ያለበት ቤት ይህን በአንድ ማታ ቁጭ ብሎ ሊነጋገርበት ይገባል። ልጅ ለማራራቅ ኮንዶም የሚጠቀሙ ባለትዳሮች አሉ፤ ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ መኖሩ ነውር አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ ጥርጣሬ ካለውም፣ ከተጠረጠረው ቀን ጀምሮ ሦስት ወር እስኪሞላና ሁለቱም እስኪመረመሩ ድረስ ኮንዶም መጠቀም ማንንም አያሳፍርም። ቫይረሱ ኖሮበት መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ የሆነለት ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍም ዛሬ የታወቀ ነው። የሚያሰጋው ሳይመረመር “ደህና ነኝ” የሚለው ነው።

ቢቀደድስ? ሰዓት ቁጠሩ። ኤች አይ ቪ እንዳይያዙ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ፔፕ የሚባለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። እርግዝናን የሚከላከለው የድንገተኛ ክኒን፣ እኛ ፖስትፒል የምንለውና ኬንያ ውስጥ ፒ ቱ የሚባለው፣ በተቻለ ፍጥነት መወሰድ አለበት፤ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊረዳ ይችላል፣ ግን በየቀኑ አቅሙ ይቀንሳል። ክኒኑ ከኤች አይ ቪ አይከላከልም። ፔፕም ከእርግዝና አይከላከልም። ብልትን ውስጥ ድረስ በሳሙና ወይም በመድኃኒት ማጠብ ደግሞ ያቆስላል እንጂ አይጠቅምም። ሞያሌ ላይ ሆኖ “አዲስ አበባ ስደርስ እታያለሁ” ወይም “ናይሮቢ ስገባ” የሚል ሰው ሁለቱም ከተሞች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቁ፣ መኪናም መንገድ ላይ እንደሚበላሽ ያውቃል። እዚያው ያለውን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጠይቁ። የተደፈረች ሴት ካለችም ያው 72 ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ማስረጃው እንዳይጠፋ ሳትታጠብ ብትሄድ ይመረጣል፤ ብትታጠብም ግን ትሂድ፤ መድኃኒቱ ማስረጃ አይጠይቅም።

ቋንቋ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ፣ በስዋሂሊ ኮንዶሙ ነው፣ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ ፕሬዘርቫቲፍ ይሉታል። ሶማሊኛ ተናጋሪውም ኮንዶም ስትሉት ይገባዋል።

የቀረን የራሳችን የሱቅ ባለቤቶች ጉዳይ ነው። በድንበር ከተሞች ኮንዶም ወይ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ይሰቀላል፣ ወይ ከጋዝ ምድጃውና ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ይወረወራል። ቸኮሌት እንዳይቀልጥ የምንጠነቀቀውን ያህል እንኳ አንጠነቀቅለትም። ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ፣ ከሻማውና ከባትሪው ጎን፣ ከጣሪያው ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከሳሙናና ከኬሮሲን አርቁት። አዲስ ካርቶን ሲገባ የሚያበቃበትን ወር በእኛ አቆጣጠር በትልቁ በማርከር ጻፉበት፣ የቆየውን ወደፊት አውጡ፣ ያለፈውን ደግሞ ቅናሽ ብላችሁ ለረዳቶች አትሽጡ። ፓኬቱን ስትሰጡ ገዢው ቀኑን እንዲያየው ወደ እሱ አዙራችሁ ባንኮኒው ላይ አስቀምጡለት፤ በጥቁር ፌስታል ከመጠቅለላችሁ በፊት።